ሰማያዊዋ የሙሽራ እናት

ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጋራዥና በአንድ ሥጋ ቤት መካከል የተሸጎጠች የሕትመት ቤት ነበረች። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ እኔ የዚያች ቤት ዲዛይነር ነበርኩ። ዲዛይነር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ለአንዱ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ለሌላው የምግብ ዝርዝር፣ ለሦስተኛው የሱቅ ማስታወቂያ መሥራት፣ በየመሃሉ ደግሞ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ነበር። ደመወዜ ለጭቅጭቁ የሚከፈለኝ እየመሰለኝ ሄደ። እናቴ "የዚች ልጅ ምላስ ከእጇ ይፈጥናል" ትላለች። የቤቱ ባለቤትም ይህንኑ ስለሚያውቅ ደንበኛ በገባ ቁጥር በዓይኑ "ዝም በይ" ይለኛል። በዕድሜ ብዙም ስለማይበልጠኝ አንተ ነበር የምለው፤ በዓይኑ የሚለኝንም አልሰማውም።

ጭቅጭቁ ሁልጊዜ አንድ ነው። ደንበኛው የታተመለትን ወረቀት በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው ጣቱን ወደ ስክሪኑ ይቀስርና "እዚያ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም!" ይላል። እውነቱን ነው፣ እዚያ ላይ እንዲህ አይደለም። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው ከውስጡ በሚያበራው ብርሃን ነው፤ ፕሪንተር ደግሞ ወረቀት ላይ በሚረጨው ቀለም። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ቀዩም ሸክላ ይሆናል። ይህንን ለደንበኛ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ለብለብ ክትፎው ምግብ ዝርዝሩ ላይ ጎመን መስሎ ወጣበት። ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም የነገርኩትን ሁሉ በትዕግሥት ሰማና "እሺ፣ ተመጋቢው ሲመጣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታስረጂልኛለሽ?" አለኝ።

የእኛ ባለቤት የራሱ የጥገና ዘዴ ነበረው። መጀመሪያ ፕሪንተሩን በጥፊ ይመታዋል። ካልሆነ ቀለሙን ከነመያዣው አውጥቶ እንደ ሳል ሽሮፕ ይወዘውዘዋል። እሱም ካልሠራ "መብራቱ ነው፣ ኃይል ያንሰዋል" ይልና ጥፋቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ምሰሶው ያዛውራል። ምሰሶው አይከራከርም።

እኔ ግን ነገሩን እልህ ይዞኝ ነበርና ከራሳችን ቤት ጀመርኩ። ቤቱ ከእኛ በፊት የሴቶች ፀጉር ቤት ስለነበር ግድግዳው ሮዝ ነው። ብርሃን እንዲያስገባ ጣሪያው ላይ የተገጠመው ፕላስቲክ አረንጓዴ ነው። አምፖሉ ቢጫ ነው። በነዚህ ሦስቱ መሃል ቁጭ ብሎ ቀለም መለየት፣ ሠርግ ቤት ውስጥ ሆኖ ራዲዮ እንደ ማዳመጥ ነው። ግድግዳውን በነጭ ወረቀት ሸፈንኩ፤ ነጭ አምፖል አስገዛሁ፤ ስክሪኑን ከማመኔ በፊት እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤ ድምቀቱንም ቀነስኩለት። ወረቀት መቀያየር ተከለከለ። ትልቁን ከማተሜ በፊት ትንሽ ቁራጭ አትሜ፣ በሩ ላይ ወጥቼ በቀን ብርሃን አየዋለሁ። ቀስ በቀስ ክትፎው ወደ ክትፎነቱ ተመለሰ። እኔም ልቤ አበጠ፤ ቀለም የሚባል ነገር በካዛንቺስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ደመደምኩ።

አባባ የመጡት በዚህ ትዕቢቴ መሃል ነው። አባባ ስል አባቴ አይደሉም። ቂርቆስ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ አባባ የሚላቸው ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታችንን አስተምረውታል፤ እድራቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ሲገቡ እሱ ልክ እንደ ተማሪ ተነስቶ ቆመ።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች ፎቶ አወጡ። የሞቱት ሚስታቸው ናቸው፤ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ለፊት፣ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል።

"ልጄን ልድር ነው" አሉ። "ያለችኝ እሷ አንድ ናት። እናቷን ትልቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ፤ በሠርጉ ቀን አጠገቤ ትቆማለች። ሚዜዎቹም ውሃ ሰማያዊ ነው የሚለብሱት፤ ልጅቷ ከዚህ ቀሚስ አይታ ነው የመረጠችው። 'እናትሽ ትገኛለች' ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።" መሐረቡን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ፎቶዋ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆናለች። እሱን አጥፊልኝ።"

እኔ የሽማግሌ እንባ አልችልም። ፎቶዋ ያን ያህል ቢጫ አልመሰለችኝም፤ ቢሆንም ምንም ሳልል ስካን አደረግኳት፤ ጭረቱን አጸዳሁ፤ ቀሚሱን ትንሽ አፈካሁት። አባባ ወንበር ስበው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ዝም ብለው አዩ። "እሰይ፣ ይቺ ናት" አሉ። አተምኩ። ወረቀቱን ከስክሪኑ አጠገብ ያዝኩት፤ ገጠመ። በሩ ላይ ወጥቼ አየሁት፤ አሁንም ገጠመ። እንዲህ የገጠመልኝ ሥራ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ለራሴ ልዘፍን ምንም አልቀረኝም።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩ። አወለቁና አዩ።

"ይቺ በረሃ ናት" አሉ።

"ምን አሉኝ አባባ?"

"ካርታ ላይ ባሕር ሰማያዊ ነው፣ በረሃ ቢጫ ነው። እኔ ያዘዝኩሽ ባሕር ነው። ያመጣሽልኝ በረሃ ነው።" ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ። "እዚያ ላይ እንዲህ አይደለም!"

እንደገና አተምኩ፤ አሁንም በረሃ። ፕሪንተሩን አጸዳሁ፤ ወረቀት ቀየርኩ። አሁን ሳር መሰለች አሉ። ባለቤቱ ፕሪንተሩን በጥፊ መታው፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ብሽቅ ብዬ ሥዕሉን ይዤ አስፋልት ዳር ወጣሁ፤ ሕዝብ ይፍረድ። የካዛንቺስ ሕዝብ ደግሞ ፍረድ ካሉት ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው። ሎተሪ አዟሪው "ውሃ ሰማያዊ ናት" አለ። ሥጋ ቆራጩ ከነቢላዋው ወጥቶ ዙሪያዋን አየና "ትኩስ ናት፣ ምንም አልሆነችም" አለ። አንድ የታክሲ ረዳት ከመስኮቱ ተንጠልጥሎ "እናትየው፣ ሰማያዊ ያምርብሻል!" ብሎ አለፈ።

"የመንገድ ሰው ስለ ቀለም ምን ያውቃል?" አሉ አባባ።

"አባባ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ፕሪንተሩ ጋ ሳይሆን የእርስዎ..." ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቱ እግሬን ረገጠው። ከዚያ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ነገር ከአፉ አመለጠው፦ "ለምን ሽማግሌ አያየውም?"

ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ ሽማግሌ ይቀመጣል። ለውሃ ሰማያዊ ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን ያኔ ነው ያየሁት። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ የእድሩ ዳኛ፣ አንድ የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ ደግሞ ጆሯቸው እምብዛም የማይሰማ ግን ዝም ሲሉ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው። የደንበኛው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ባለቤቱ ለስላሳ አስመጣ። ዳኛው ቤቱን መረቁ፣ ሠርጉን መረቁ፣ ፕሪንተሩንም መረቁ።

"ከሳሽ ይናገር።"

አባባ ተነስተው ስለ ባሕርና ስለ በረሃ ተናገሩ። እኔም ተነስቼ ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ተናገርኩ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በጥሞና ሰሙኝና "ይሄ ፕሪንተር ከዚህ በፊት ከሰው ጋር ተጋጭቶ ያውቃል?" ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ የክትፎውን ነገር እንዳላነሳ በዓይኑ ለመነኝ። ከዚያ ሦስቱም ተራ በተራ እየተነሱ ስክሪኑን አዩ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረቀቱን አዩ፤ ወጥተው ጋራዡ ደጅ ላይ ተመካከሩ። ሲመለሱ ዳኛው ከዘራቸውን አስቀድመው ቆሙ።

"ልጄ፣ ዘመኑ የእናንተ ነው፤ እንቀበላለን። ዓይን ግን የሁላችንም ነው። ሦስት ሰው አንድ ነገር ካየ ነገሩ አለቀ። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ ውሃ ሰማያዊ ለብሳለች። ወረቀቱ ላይ ገለባ ለብሳለች። ጉልበታቸውን ሳሚና እኛ ባለንበት አስተካክዪ።"

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ አነጋገሬ ነው የፈረደብኝ ብዬ የአባባን ጉልበት ሳምኩ። ጥርሴን ነክሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና ሰማያዊ እጨምር ጀመር። ቁራጭ አትሜ አሳያለሁ፤ "ጨምሪ" ይላሉ። እጨምራለሁ፤ "አሁንም ጨምሪ።" ጆሯቸው የማይሰማው ሰውዬ ሳይቀሩ በእጃቸው ጨምሪ ይላሉ። እልህ ያዘኝና ያለኝን ሰማያዊ ሁሉ ለቀቅኩት፤ ትልቁን አተምኩ፤ አንስቼ ያዝኩላቸው።

"እሰይ!" ብለው አራቱም አንድ ላይ ተነሱ። "አሁን መጣች!"

እኔ በያዝኩበት አጎንብሼ አየሁ። ሴትዮዋ ሰማያዊ ሆነዋል። ቀሚሳቸው ብቻ አይደለም፤ ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ ጥርሳቸው ሳይቀር የሚኒባስ ታክሲ ቀለም ነው። መንገድ ዳር ቢያቆሟቸው "ሜክሲኮ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ባለቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ልስቅ ነበር። ግን አባባ ጠጋ ብለው በጣታቸው ጫፍ የሥዕሉን ጉንጭ ነኩ፤ ቀስ ብለው "እንደምን አለሽ?" አሉ። ሳቄ ጠፋ። ምን እንደሚሰማኝ ስለጠፋኝ ሥዕሉን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ሥዕሉን ልትወስድ የመጣችው ሙሽራዋ ናት። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የሚዜዎቹን ጨርቅ በፌስታል ይዛ ከደምበል በቀጥታ የመጣች ሳቂታ ልጅ። ገልጬ አሳየኋት።

"ይሄ ማነው?" አለች።

"እናትሽ ናቸው።"

"እማዬን ምን አድርገሻት ነው?"

"እኔ አይደለሁም፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው" አልኳትና በቁጣ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ባሕሩን፣ በረሃውን፣ የጋራዡን ምክክር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የመጀመሪያውን፣ በረሃ የተባለውን አሳየኋት፤ ጨርቁን አውጥታ አጠገቡ አደረገችው፤ አንድ ነው። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ።

"ባለፈው ቬሎዬን ለአባቴ ሳሳየው" አለች፣ "'ሰው በሠርጉ ነጭ ይለብሳል እንጂ የቅቤ ቀለም ይለብሳል?' አለኝ። አልቅሼ ነው ያደርኩት። በቃ፣ አልወደደውም አልኩ። ወተት ስሰጠው ቢጫ ነው ይላል። በቀን መብራት አብሩ ይላል..." ጨርቁን ከሥዕሉ አነሳች። "ዓይኑ ነው አይደል?"

ባለቤቱ እናቱን ያሳከመው በቅርቡ ስለነበር ወዲያው ገባው። "ሞራ ነው" አለ። "የዓይን ሞራ። እናቴም ሁሉ ነገር ቢጫ ይመስላት ነበር።" ያን ጊዜ ለእኔም በራልኝ። ስክሪኑ ከውስጡ ስለሚያበራ ሞራውን ጥሶ ይገባል፤ ወረቀቱ ግን ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ ሞራው ላይ አስረክቦ ይቀራል። ለአባባ ስክሪኑና ወረቀቱ በእውነትም አይገጥሙም ነበር። የተጣላነው ሁለታችንም እውነት ይዘን ነው። ከሁሉ የገረመን ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኛ ለቀለም ዳኝነት በሰፈሩ ካለው ሕዝብ መርጠን፣ ሞራ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ሦስት ሰዎች ጠርተን አስቀመጥን፤ እነሱም ያለ አንዳች ልዩነት በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ዕድሜያቸው ባነሰ ኖሮ በእኔ አይፈርዱም ነበር።

ሙሽራዋ ዓይኗን ጠረገች። "ከሠርጉ በፊት ማንም እንዳይነግረው" አለች። "ዓይኑን ከዚያ በኋላ እናሳክመዋለን። አሁን ከነገርነው የሚያስበው ሁሉ ስለ ዓይኑ ይሆናል። እማዬን ደስ ብሎት ይያት። ሁለቱንም ስጪኝ፤ የእሱን ለእሱ፣ የእኔን ለእኔ።" ጀርባና ጀርባቸውን ገጥሜ በአንድ ፍሬም አሰርኳቸው።

ሠርጉ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር፤ እኔና ባለቤቱም ተጠራን። ሥዕሉ መቆሚያ ላይ ሆኖ ከቤተሰቡ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆመ። ሰማያዊዋ እናት ወደ አባባ፣ እውነተኛዋ ወደ እንግዳው ይመለከታሉ። እንግዳው "እንዴት ያምራል! ከሚዜዎቹ ጋር አንድ ዓይነት!" ይላል፤ አባባም "አዎ፣ ባሕር ናት" ይላሉ። ሁሉም ተስማምቶ ሲበላ አንድ አስተናጋጅ ትልቅ ትሪ ይዞ ሊያልፍ ፈለገ፤ መቆሚያው መንገድ ዘጋበት፤ አዞረው።

መጀመሪያ የሰማሁት አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "በስመ አብ!" ሲሉ ነው። ቀና ስል ታክሲ ሰማያዊዋ የሙሽራ እናት አዳራሹን በሙሉ በሰማያዊ ጥርሳቸው ፈገግ ብለው እያዩት ነው። ቪዲዮ አንሺው ካሜራው የተበላሸ መስሎት ቁልፎቹን ይነካካል። ከወዲያ በኩል ደግሞ አባባ ብድግ ብለው "ማነው መልሶ በረሃ ያደረጋት?" ይላሉ። ሹካዬን ጥዬ በታኮ ጫማዬ ሮጥኩ። ባለቤቱም ከሌላው ጠረጴዛ ሮጠ። እኔ ደርሼ አዞርኩት፤ እሱም ደርሶ አዞረው፤ መልሶ ሰማያዊዋ ወደ እንግዳው ሆነች። "ተወው አንተ!" ብዬ በሠርጉ መሃል ጮህኩበት፤ እጁን አነሳ፤ አንዴ አዞርኩና ቀጥ አልኩ። አባባ አዩ። "አሃ፣ መጣች" ብለው ተቀመጡ፤ እንዳትሄድባቸው ይመስል እጃቸውን ፍሬሙ ላይ አደረጉ።

ሙሽራዋ ምርቃት ልትቀበል ስትመጣ እጃቸው እዚያው ነበር። የአባቷን ጉልበት ሳመች። ቀና አለችና በአባቷ በኩል ያለችውን፣ ሰማያዊዋን፣ ጉንጯ ላይ ሳመቻት። አባባ "አየሽ፣ አለች አላልኩሽም?" አሏት። እኔ የራሴ ዘመድ የሞተ ይመስል አለቀስኩ፤ ባለቤቱ ሶፍት እያቀበለኝ በዓይኑ "ዝም በይ" ይለኛል።

ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ሥዕሎች ተለያዩ። እውነተኛዋ ከሙሽራዋ ጋር ሄደች፣ ሰማያዊዋ አባባ ቤት ቀረች። ጥቂት ወራት ቆይቶ አባባ ዓይናቸውን ታከሙ፤ እሳቸው ሲድኑ ሦስቱን ሽማግሌዎች እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው ሲባል ሰማን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፈው በራችን ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ፣ ወረቀቱ የተገነጠለበትን ሮዙን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ጋዜጣውን ገፈፉት።

"ሚስቴን ታክሲ ያደረግሻት አንቺ ነሽ?"

"እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ አባባ! ሽማግሌ አስቀምጠው አይደል እንዴ ያስፈረዱብኝ? ጉልበትዎን እንኳን ስሜያለሁ!"

አባባ ሊቆጡ ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ ሳቁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ በአዲሱ ዓይናቸው እንባ እስኪወርድ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ ግን ጓጉቼ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ስክሪንና ወረቀት እንደሚገጥም በትክክለኛ ዓይኑ ሊያይልኝ ነው። የፎቶዋን ፋይል ከፈትኩና "አሁኑኑ ትክክለኛዋን አትምልዎታለሁ፤ የልጅዎት ቤት እንዳለችው አድርጌ" አልኳቸው።

ስክሪኑን አዩ። ውሃ ሰማያዊ ቀሚሱን፣ ፏፏቴውን፣ የሚስታቸውን ጠይም ፊት ብዙ ቆይተው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያቺ ታምራለች" አሉ። "እውነተኛዋ እሷ ናት። ግን ልጄን ስድር አጠገቤ የነበረችው ይቺ ናት።" ሰማያዊዋን ገልብጠው ጀርባዋን አሳዩኝ፤ ሌላኛዋ ስትወጣ የላላው ፍሬም ይንቀጫቀጫል። "ቀለሟን አትንኪብኝ፤ ፍሬሟን ብቻ አጥብቂልኝ።"

መዶሻውን አንስቼ አጠበቅኩላቸው።